የቀዮ ባሌስትራ

የጋለ ብረት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ሲነከር የሚያወጣው ሽታ ለብዙ ሰው አይጥምም። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ለዘመድ ለቅሶ ወልድያ ሄጄ ከባጃጅ ስወርድ ከአንድ ጋራዥ ግቢ ይኸው ሽታ መጥቶ ፊቴን ሲሞላው፣ ሰው እስኪታዘበኝ ድረስ ቆሜ ሳብኩት። አንዱ ልጅ እግር መካኒክ ቀና ብሎ «እናቴ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ያ ሽታ የሚያስታውሰኝ ልናጣው ደርሰን የተረፈልንን ነገር ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ እኛ መርሳ ነበርን፤ እኔም ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። አባቴ የግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ደመወዙ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን መኪናው ግን እንደ ማንኛውም አልነበረችም። ከአብዮቱ በፊት ደሴ ላይ፣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ከተነሣ ጣሊያን የገዛት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ለሩጫ የተሠራች ቀይ መኪና ናት። ቀዮ ነበር የምንላት። አባቴ ስለ ቀዮ ሲያወራ ድምፁ ሳይቀር ይለወጣል። የውጫሌን ዳገት አውቶብሱን ሁሉ ኋላው ጥሎ እንዴት እንደ ወጣ ለሰማውም ላልሰማውም ይተርካል። ያን ጊዜ የግል መኪና ያለው ሰው በጎሪጥ ይታይ ስለነበር «እሷንስ ያተረፋት ቀለሟ ነው» እያለ ይስቃል። እናቴ እንዲህ ሲል በሰማችው ቁጥር ተነሥታ መስኮቱን ትዘጋለች።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ ቀዮ ከኋላዋ ተቀመጠች። ከኋላ ጎማዎቿ በላይ ተደራርበው የሚታሰሩ፣ ቀስት የመሰሉ ብረቶች አሉ፤ ባሌስትራ ይባላሉ። መኪናዋን አዝለው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አንደኛው ተሰንጥቆ ሌሎቹም ከዕድሜ ብዛት ለጥ ብለው ስለነበር፣ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ሆዷ መንገዱን እየፋቀ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ታሰማለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ ለወራት ጎማ እየነካ፣ ከንፈር እየመጠጠ ያሳልፈው ነበር። በዚያ ዓመት ግን አክስቴ እታገኝ ነፍሰ ጡር ነበረች።

እታገኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቤቷ ከቤታችን በማንጎ ዛፍ ብቻ ነው የሚለየው። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች አርግዛ ሁለቱም አልተረፉላትም። የመጀመሪያው እቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአሰብ መንገድ ሾፌር የሆነው ባሏ በጭነት መኪናው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲያጣድፋት፣ መንገድ ላይ። ባሏ ያ ቀን ከተነሣ ጋቢውን ይዞ ይወጣል። ሦስተኛውን እንደ ፀነሰች የመርሳው ክሊኒክ ድሬሰር ለአባቴና ለእሷ እቅጩን ነገራቸው፤ ምጥ ሲጀምራት ቀጥታ ወልድያ፣ መንገድ ላይ ግን እንዳትንገላታ። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ አሰብ ነው። በመርሳ አምቡላንስ የሚባል ነገር በስም እንጂ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የዚያ ልጅ ነገር ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ የቀዮ ጀርባ ላይ ወደቀ።

አባቴ ቤንዚኑን በኩፖን አጠራቅሞ ወልድያ ጋሽ ሐጎስ ዘንድ ሲሄድ እኔንም ወሰደኝ። ጋሽ ሐጎስ ሙያውን አስመራ ጣሊያኖች ዘንድ የተማረ፣ ከመኪና ሥር ሆኖ ካልሆነ በቀር ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀንም ጀርባውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ እግሩ ብቻ እየታየ ነበር የተናገረው።

«ሦስት መንገድ አለህ» አለው አባቴን። «አንደኛው፣ የራሷን ዓይነት አዲስ ማስመጣት ነው። አስመራ እጠይቅልሃለሁ። መንገዱን ግን ታውቀዋለህ፤ ለፋሲካም አይደርስልህ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ከትንሽ ጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ባሌስትራ አለኝ። ነገ እገጥምልሃለሁ። ከኋላ ቀና ትላለች፤ ኩርባ ላይም አትወዛወዝም።»

«ሦስተኛው?»

«ቀጫጭን ብረት ከየወደቀው መኪና ሰብስቤ፣ እሳት አስገብቼ፣ ቀስቱን መልሼ፣ ሰባቱን ስምንቱን መደረብ ነው። ብዙ ሥራ አለው። መኪናዋ ትለሰልሳለች። የድሮ ሩጫዋን ግን ከእኔ አትጠብቅ። ኩርባ ላይ ዘንበል ትላለች።»

አባቴ ሦስተኛውን የሰማውም አይመስለኝ። «ኩርባ ላይ አትወዛወዝም» የሚለው ጆሮው ውስጥ እንደ ገባ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም በበኩሌ ሦስተኛውን ጠላሁት። ቀጫጭን ብረት የድሃ መኪና ብረት፣ ወፍራም ደግሞ የሀብታም መስሎኝ «አባባ፣ ወፍራሙ ይሁንልን» አልኩት። እስከ ዛሬ ይህችን ምክሬን ሳስባት አፍራለሁ።

ቀዮ በማግስቱ ከኋላዋ ከፍ ብላ፣ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ መርሳ ስትገባ ልጆች ሁሉ ተከተሏት። አባቴ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው ነበር የሚራመደው። ከዚያ ወንድማዊ ጥንቃቄ መጣበትና እታገኝ ከመውጣቷ በፊት መኪናዋን ልፈትን አለ። ፈተናው ይኸውላችሁ፤ አንድ ኩንታል ማሽላ የኋላ መቀመጫ ላይ፣ አንድ ኩንታል ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ጫነ። እስከ ስሪንቃ ሄዶ ተመለሰ። «አልጋ ናት» አለ ሲወርድ። «ሁለት ኩንታል የቻለች ለእታገኝ ምን ይሳናታል?» እናቴ እንኳን አመነችው። እህል ሲጭን ሲያራግፍ ያደገ የገበሬ ልጅ፣ መኪና የሚፈተነው በጭነት ነው ብሎ ማሰቡ አያስገርምም።

ጥቅምት ላይ እታገኝ ለምርመራ ወልድያ መሄድ ነበረባት። ከኋላ ብቻዋን ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት። ከመርሳ ወጥተን የመጀመሪያውን ስብርባሪ አስፋልት እንዳገኘን ቀዮ እንደ በቅሎ ትራገጥ ጀመር። ሁለት ኩንታል ማሽላ ያጎበጠው ወፍራም ብረት ለአንዲት ቀጭን ሴት ከነአካቴውም አልጎብጥ አለ። ጎማው የነካውን ጠጠር ሁሉ ወንበሩ ይቀበላል። አክስቴ በሁለት እጇ ሆዷን አቀፈች። ስሪንቃ ሳንደርስ «አቁም» አለችው።

ወርዳ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እናቴ የእታገኝን ቀሚስ ስታጥብ ኋላ እንዳየሁት ጥቂት ደም ነበረበት። አባቴ እጁን መሪው ላይ እንደ ተከለ አልወረደም፤ ያኔ ግድ ያልሰጠው መስሎኝ በጣም ተናደድኩበት። በእግር እየሄደ እንዳለ ሰው ቀስ እያልን ወደ መርሳ ተመለስን። ድሬሰሩ ሆዷ ላይ ባስደገፈው ቀንድ መሰል መሣሪያ አዳምጦ «አለ» አለ። ልጁ አለ ማለቱ ነው። ሁለት ሳምንት ከአልጋ እንዳትነሣ አዘዘ።

«እኔ ሁለተኛ እዚያች መኪና ላይ አልወጣም» አለች እታገኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ቀኔ ሲደርስ የቅሬ ሰዎች ይሸከሙኝ።»

ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀባበርበት፣ የታመመውንም በቃሬዛ የሚያደርስበት ማኅበር ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ግን ከመርሳ ወልድያ መሸከም የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ያን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሷም ታውቀዋለች። አባቴ ምሳ መብላት ተወ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጥንቅሽ እያኘክሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከቅሬው ዕቃ ቤት ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ላዩ ላይ አባቴ በጀርባው ተንጋሏል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ባርኔጣው ፊቱን ሸፍኖታል። ደብተሬን ወርውሬ ጮኽኩ። ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤታችን ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች፤ ከሷ ኋላ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ኋላ ሦስተኛዋ። ለቅሶው ሲደምቅ ሟቹ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱ ተሸካሚዎች በድንጋጤ ሊለቁት ትንሽ ቀራቸው።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? እየለካሁ እኮ ነው» አለኝ አባቴ።

እናቴ ደረቷን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። እየለካ ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው ከሰማችው በኋላም ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። እኔ ግን ባርኔጣው ከፊቱ ላይ ተነሥቶ ዓይኑ ሲታይ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሮጬ እግሩን ከነጫማው አቀፍኩት።

ይህን ሁሉ ያመጡት አያ ይማም ናቸው። የቅሬው ዳኛ፣ ቀጭን፣ ቀይ ሽማግሌ፤ የጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ሙሰበሃቸው፣ ከእጃቸው አትለይም። ሴቶቹን አረጋግተው ከሸኙ በኋላ አባቴን ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱት፤ እኔም ልብሱን ይዤ ተከተልኩ።

«አሁን የተኛህበት የሬሳው ነው» አሉት። «ዘንጉ ወፍራም ባሕር ዛፍ ነው። እንዴት ነበር?»

«ወገቤን ቆረጠኝ፣ አያ ይማም።»

«ሬሳ ወገቡን አያመውም። ለሱ ወፍራሙ ይበቃዋል። አሁን ደግሞ በዚህ ውጣ።»

ሁለተኛው ቃሬዛ ዘንጉ አንድ አልነበረም። ከአውራ ጣት ብዙ የማይወፍሩ አራት አራት ሽመሎች ተደራርበው በጠፍር ታስረዋል። ያው አራቱ ሰዎች አባቴን ተሸክመው፣ ያንኑ ድንጋያማ ቦይ ተሻግረው መለሱት። ሽመሎቹ ሰዎቹ ሲረግጡ ጎበጥ፣ እግራቸውን ሲያነሡ ቀና ይላሉ፤ ሲፋተጉም ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አላቸው። አባቴ ከወረደ በኋላ ረጅም ጊዜ ዘንጉን በጣቱ ሲዳስስ ቆየ።

«ይኸ የሕመምተኛው ነው» አሉ አያ ይማም። «ወፍራም ዘንግ ካልጫኑት አይታዘዝም። እታገኝ ደግሞ እህል አይደለች። ቀጫጭኖቹ እርስ በርስ እየተሻሹ መንገጫገጩን ይበሉታል። ያ ሐጎስ ሦስተኛ ያለህ ምን ነበር?»

አባቴ ነገራቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሩጫዋ ይቀራል» አለ አባቴ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደዚያ እንደ ልጅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ሮጣ የት ልታደርስህ ነው?» አሉት። ከዚያ ሙሰበሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

በማግስቱ ወልድያ ነበርን። ጋሽ ሐጎስ አልሳቀበትም፤ ወፍራሙን ፈትቶ ጥግ አስቀመጠውና ወናፉን ማናፋት ጀመረ። የዚያን ቀን ሽታ ነው እስከ ዛሬ የሚያስቆመኝ። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ የበሰለ ፓፓያ እስኪመስል ይቀላል። ጋሽ ሐጎስ በጉጠት አውጥቶ በመዶሻ ቀስት ያደርገዋል፤ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት በሞላው በርሜል ውስጥ ይከተዋል፤ ጥቁር ጭስ ቦግ ብሎ ይወጣል። እያንዳንዱን ብረት ከታናሹ ብረት ጋር እያጋጠመ ብርሃን በመካከላቸው እንዳያልፍ በፀሐይ ያየዋል። ሦስት ቀን ፈጀ። እኔና አባቴ የዘመድ ቤት እያደርን በየጠዋቱ እንመለሳለን።

ሲገጥመው አባቴን ከመኪናዋ ኋላ አቆመው። «ተጭነህ ልቀቃት» አለው። «አንዴ ወርዳ አንዴ ወጥታ ቀጥ ካለች ደኅና ናት። ከጨፈረች ገና ናት።»

አባቴ ተጭኖ ለቀቃት። ቀዮ ሦስቴ ጨፈረች። ጋሽ ሐጎስ መወዛወዝ የሚያበርዱትን፣ ሾክ አብዞርበር የሚባሉትን ቱቦዎች ፈትቶ በደኅኖች ለወጣቸው። እንደገና ሁለቴ። ከሥር ገብቶ ቡሎኖቹን አጠበቃቸው። ከዚያ ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ «ነይ አንቺ ሞክሪያት» አለኝ። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ተጫንኩና ለቀቅሁ። ወረደች፣ ወጣች፣ ቆመች። ጋሽ ሐጎስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

በዚህኛው ፈተና ማሽላ የሚባል አልተጫነም። አያ ይማም ራሳቸው ከኋላ መቀመጫዋ ላይ ተጋደሙ። ክብደታቸው ከእታገኝ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሙሰበሃቸውን ይዘው ስሪንቃ ደርሰው ተመለሱ። ከመኪናዋ ሳይወጡ በቀጥታ እታገኝ በር ላይ አስቆሟት።

«ልጄ፣ አብሽሪ» አሏት በመስኮቱ። «ዚክሬን ሄጄ እስክመለስ ስቆጥር አንዴም አልሳትኩ።»

እታገኝ በሩን ይዛ አየቻቸው። «አንቱ ተኝተውባት ነው?»

«ተኝቼባታለሁ፣ ወላሂ።»

«እንግዲያው እሺ» አለች። አባቴ ከመኪናው ወዲያ በኩል ሆኖ ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ ምጡ መጣ። የይለፍ ወረቀታችን ከሳምንት በፊት ከቀበሌ ወጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አራት ሰው ይላል። አባቴ፣ እናቴ፣ እታገኝና እኔ። እኔን ያስጻፈኝ አባቴ ነው፤ ሥራ ሰጥቶኝ ነበር። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሣ አይችልም፤ እናቴ ደግሞ እታገኝን አቅፋ ትቀመጣለች። ስለዚህ እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተንበርክኬ፣ ወደ ኋላ ዞሬ የአክስቴን ፊት መጠበቅ ነበረብኝ። «ከተጨማደደች ንገሪኝ፤ ቀስ እላለሁ» አለኝ።

ከዚያ በላይ ቀስ ማለት ግን አይቻልም ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄዱ የወታደር መኪኖች ሲያልፉን ዳር ይዘን አሳለፍናቸው። ከደሴ የመጣ አውቶብስም ደረሰብን። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ቀዮ፣ ምነው አረጀሽ?» ብሎ ሲያልፍ አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፤ ነዳጁን ግን አልረገጠም። ኩርባ ላይ ቀዮ ዘንበል ትላለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትቃናለች። ከሥር ያ የሽመሎቹ ዓይነት ሲጢጥታ ይሰማኛል። እታገኝ ምጡ ሲመጣ የእናቴን ክንድ ትጨብጣለች፤ ሲሄድ ትለቃለች። ጉድጓድ ግን አንዴም አላስጨበጣትም።

ስሪንቃን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን የእታገኝ ጭንቅላት ወደ ጎን ወደቀ። ዓይኗ ተከድኗል። እጇ ከእናቴ ክንድ ላይ ተንሸራትቶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። እናቴ ዓይኗን ከድና በለሆሳስ ጸሎት ስታደርስ ስለነበር አላየችም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከነገርኩት እውነት የሚሆን፣ ካልነገርኩት የማይሆን መሰለኝ። ስንት የስልክ እንጨት እንዳለፍን አላውቅም። በመጨረሻ «አባባ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ፊቴን አየና መኪናዋን አቆመ። ሞተሩ ጠፋ። እናቴ ነቅታ «እታገኝ! እታገኝ!» እያለች ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት።

አክስቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ደረስን እንዴ?» አለች።

ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳትተኛ ከርማ፣ በሁለት ምጥ መካከል እንቅልፍ ወስዷት ኖሯል። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚስቅ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። እታገኝ «አይ እናንተ፤ ምነው ብተኛበት» ብላ ዓይኗን መልሳ ከደነች።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ወልድያ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ነርሷ ወጥታ ስትነግረን አባቴ ወጥቶ ከቀዮ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ባገኘው ጨርቅ ጎማዋን ሲጠርግ ዋለ። እኔ ደግሞ ልጅቷ ስታለቅስ በመስኮት ሰምቼ፣ ያን ያህል ደስ የሚል ለቅሶ አለ እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ መርሳ ስንመለስ ከወልድያ መውጫው ኬላ ላይ በገመድ አስቆሙን። ጠመንጃ ያነገተው ጠባቂ ወረቀታችንን አገላብጦ ካየ በኋላ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ቆጠረን። እንደገና ቆጠረ።

«አራት ይላል» አለ። «እናንተ አምስት ናችሁ።»

ይቺን ልጅ ያስቀሩብናል ብዬ ፈራሁ። እታገኝ ግን ምንም ሳትደነግጥ ነጠላውን ከትንሿ ፊት ላይ ገለጥ አደረገችለት።

ሰውዬው አያት። «ስሟ ማነው?»

«ገና አልወጣላትም» አለች አክስቴ።

ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ወረቀቱን በቀዮ ጣሪያ ላይ አስደግፎ አራትን ሰርዞ አምስት ብሎ ጻፈና መለሰልን። ከዚያ ሄዶ ገመዱን አወረደው። አባቴ ማርሽ አስገባ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ ወደ ኋላ ዞርኩ። የቀዮ የፊት ጎማ ገመዱን ተሻገረ፤ የኋላውም ተሻገረ። ልጅቷ አልነቃችም።